የዘመድ ዕቃ ሲያጓጉዙ ቢጎዱ፦ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ምን ይደረጋል?

በድሬዳዋም ሆነ በሐረር ቤት መቀየር የቤተሰብ ሥራ ነው። አክስት ከገንደ ቆሬ ወደ ሳቢያን ስትዛወር፣ የአጎት ልጅ በግንብ ከታጠረው የሐረር ጁገል ወጥቶ ኮንዶሚኒየም ሲገባ፣ ማለዳ ስልክ የሚደወለው ለአይሱዙ ሾፌርና ለጫኝና አውራጅ ብቻ አይደለም። ጉልበት ያለው ዘመድ ሁሉ ይጠራል፤ የተጠራም አይቀርም። ይህ የሚያኮራ ልማድ ነው። የሚያሳዝነው ሰው ሲጎዳ የሚሆነው ነው። ቁም ሳጥን ጣቱን ከበሩ መቃን ጋር ያጣበቀበት ወጣት «ምንም አልሆንኩም» ብሎ እጁን ኪሱ ይከታል። ወገቡን የነካው ጎልማሳ ጥርሱን ነክሶ ሦስተኛ ፎቅ ይወጣል። አክስት እንዳትደነግጥ፣ ሥራው እንዳይስተጓጎል ተብሎ የተደበቀ ጉዳት በማግስቱ ሰውን ከአልጋ አያስነሳም። ከታች ያለው መመሪያ ከዚህ መደባበቅ ወጥቶ ጉዳቱን በጊዜ ለመያዝ ነው፤ ለተጎዳው ብቻ ሳይሆን ዕቃው ለሚጓጓዝለት ዘመድም ጭምር የተጻፈ ነው።

1. ዕቃው ይውረድ

ሕመም እንደተሰማዎት ድምፅዎን ከፍ አድርገው «አሳርፉ!» ይበሉ። ዝም ብለው እጅዎን አይልቀቁ፤ ክብደቱ በሌላኛው ጫፍ ባለው ሰው ላይ በአንድ ጊዜ ይወርድበታል። ደረጃ ላይ ከሆናችሁ ከታች በኩል ያለው ሰው ነው የሚጨፈለቀው። ስለዚህ ቃሉ ይቅደም፣ ዕቃው እኩል ይውረድ፣ ከዚያ ሁሉም እጁን ያንሳ።

ሰው ከዕቃ ሥር ከተያዘ ሰውየውን አይጎትቱ፤ ዕቃውን ያንሱለት። ከደረጃ ላይ ወድቆ አንገቱን ወይም ጀርባውን የመታ ሰው ደግሞ ባለበት ይቆይ። «ተነስ፣ ተነስ» ብሎ ብብቱን ይዞ ማቆም በእኛ ዘንድ የደግነት ምልክት ሆኖ ይታያል፤ የአከርካሪ አጥንት ተሰብሮ ከሆነ ግን ዕድሜ ልክ ሽባ ሊያደርግ ይችላል። አንድ ሰው ጭንቅላቱን በሁለት እጅ ይያዝለት፣ ሌላው ለቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይደውል።

2. ሳይነሱ ይመርመሩ

ጥላ ሥር ይቀመጡ፣ ውኃ ይጠጡ። ጫማና ካልሲ ያውልቁ፣ እጅጌ ይሰብስቡ፤ የተጎዳው ቦታ በዓይን ይታይ። በድሬዳዋ ሙቀት የራስ መዞርና የማቅለሽለሽ ስሜት ከድካምና ከውኃ ጥማት ብቻ ሊመጣ ይችላል፤ ከጥላና ከውኃ በኋላ ካልለቀቀ ግን በሙቀት አያሳብቡት።

ጫት ሲቃም የተጀመረ ሥራ ከሆነ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ምርቃና ድካምን ያስረሳል፣ ሕመምን ያደበዝዛል። «አሁን ደህና ነኝ» የሚለውን ስሜት በዚያ ሰዓት አይመኑት። ጣት ተሰብሮ እስከ ማታ የሚሠራበት፣ ሌሊት ግን እንቅልፍ የሚነሳበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

የሚከተሉት ከታዩ ቤት ውስጥ የሚሞከር ነገር የለም፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ፦

- አጥንት ከቆዳ ወጥቶ ከታየ፣ ወይም እጅ ወይም እግር ቅርጹን ከለወጠ
- አሥር ደቂቃ አጥብቀው ይዘውት የማይቆም ደም
- ራሱን ተመትቶ የሚያስመልሰው፣ የሚያንቀላፋው ወይም ንግግሩ የሚምታታበት ሰው
- ከወገብ ሕመም ጋር ሁለቱም እግሮች ከዛሉ፣ በጭኖች መካከል ያለው ቦታ ከደነዘዘ፣ ወይም ሽንት መያዝ ወይም መሽናት ካቃተ
- ከባድ ዕቃ ካነሱ በኋላ ብሽሽት ላይ የወጣ፣ የማይመለስና የሚያም እብጠት፤ በተለይ ማስመለስ ከተከተለ
- ደረት ውስጥ የሚጨመድድና ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም

የመጨረሻው ከዕቃ ጋር ምን አገናኘው የሚል ይኖራል። ዕድሜያቸው የገፋ አጎት ባልለመዱት ቀን ሶፋ ሲያነሱ ልባቸው ሊታወክ ይችላል። «ጡንቻ ነው» ብሎ ማሸት ጊዜ መግደል ነው።

3. ጣትና እጅ

በብዛት የሚጎዳው ጣት ነው። የቁም ሳጥን ጎን፣ የአይሱዙ የኋላ መዝጊያ፣ የብረት አልጋ ማያያዣ ሁሉም ጣት ይይዛሉ። በጁገል ውስጥ ደግሞ የመንገዱ ግንብ አለ፤ አንዳንዱ መተላለፊያ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ በመሆኑ ዕቃውን በጎን አዙረው ሲያሳልፉ የሚፋቀው የእጅ ጀርባ ነው።

ከሁሉ በፊት ቀለበት ይውለቅ። ጣት በደቂቃዎች ውስጥ ያብጣል፤ ያበጠ ጣት ላይ ያለ ቀለበት የደም ዝውውር ይዘጋል። እምቢ ካለ ሳሙና ወይም ዘይት ቀብተው በዝግታ እያዞሩ ያውጡት። ቀጥሎ ቅዝቃዜ። ፍሪጁ ተነቅሎ መኪና ላይ ከወጣ ከጎረቤት ወይም ከሱቅ በረዶ የሆነ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውኃ ይግዙ፣ በጨርቅ ጠቅልለው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያስይዙ። በረዶ በቀጥታ ቆዳ ላይ አይደረግም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ይድገሙት። እጅ ከልብ ከፍታ በላይ ይዋል፤ ነጠላ ወይም ሽርጥ በሰያፍ አጥፈው አንገት ላይ ካሰሩት ጥሩ ማንጠልጠያ ይሆናል።

አሁን ጣቱን ይፈትኑ። ጥፍሩን ተጭነው ይልቀቁት፤ የነጣው ቦታ በሁለት ሰከንድ ያህል ውስጥ ወደ ቀለሙ መመለስ አለበት። ከዚያ እያንዳንዱን አንጓ ለየብቻ አጥፈው ይዘርጉ። ካልታጠፈ፣ ካልተዘረጋ፣ ከደነዘዘ፣ ወይም ጫፉ ወደ ጎን ካዘነበለ ራጅ ያስፈልጋል። በጥፍር ሥር ደም ተቋጥሮ የሚነዝር ከሆነ የጋለ መርፌ ይዘው ቤት ውስጥ አይብሱት። ጤና ጣቢያ በንጹሕ መሣሪያ ይደረጋል፣ አጥንቱም አብሮ ይታያል።

4. መስታወት የቆረጠው

የቡፌና የቁም ሳጥን መስታወት በየቤቱ አለ፤ ሲጓጓዝ በብርድ ልብስ የሚጠቀለለው ግን ጥቂቱ ነው። ቢቆርጥዎት በንጹሕ ጨርቅ ሙሉ አሥር ደቂቃ አጥብቀው ይያዙ። «ቆመ ወይ?» እያሉ በየመሃሉ መግለጥ የረጋውን ደም ይነቅለዋል። ስባሪው ውስጥ ከቀረ አያውጡት፤ ዙሪያውን ጨርቅ ደግፈው ይሂዱ።

ቁስል ላይ የተፈጨ ቡና፣ የጥርስ ሳሙና ወይም ነጭ ጋዝ አይደረግም። ቡናው ደሙን ያቆመ ይመስላል፤ ሐኪሙ ግን ከመስፋቱ በፊት ያንን ሁሉ ማጠብ ይኖርበታል፣ ቁስሉም ያመረቅዛል። ደሙ ከቆመ በኋላ በንጹሕ የሚወርድ ውኃ ይታጠብ፤ ይኸው በቂ ነው። አፉን የከፈተ ቁስል በዚያው ቀን ይሰፋ እንጂ አይደር። የቴታነስ ክትባት መቼ እንደተከተቡ የማያስታውሱ ከሆነ ይህንኑ ለጤና ባለሙያው ይንገሩ፤ በተለይ የዛገ ብረት ወይም አፈር የነካው ቁስል ከሆነ።

5. ቁርጭምጭሚትና ትከሻ

እግርዎ ከደረጃ ወይም ከኮብልስቶን ጠርዝ ላይ ዞሮብዎት ከሆነ ይቀመጡ፣ ያቀዝቅዙ፣ በመጠኑ በፋሻ ያሰሩ፣ ከፍ ያድርጉ። በተጎዳው እግር አራት እርምጃ መራመድ ካልቻሉ፣ ወይም የቁርጭምጭሚቱን አጥንት ሲነኩት አጥብቆ ካመመ ራጅ ይነሱ። ከቦታው የወለቀ ትከሻ አይጎተትም፤ እጁ እንዳለ ታስሮ ወደ ሆስፒታል ይሄዳል።

6. ወገብ

ስለ ወገብ ረዘም አድርጌ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ብዙ ሰው የሚሠቃየውም፣ ብዙ የተሳሳተ ምክር የሚሰጠውም እዚህ ላይ ነውና።

ጎንበስ ብለው ዕቃ ሲያነሱ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ተሸክመው ሲዞሩ፣ ወገብ «ቀጭ» ይላል። አንዳንዱ እዚያው ተጎብጦ ይቀራል። አብዛኛው እንዲህ ያለ ሕመም የጡንቻና የጅማት መወጠር ነው፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥም ይሻላል። ስለዚህ አደገኞቹ ምልክቶች ከሌሉ አይደናገጡ። ወለል ላይ በጀርባዎ ተኝተው ባትዎን ወንበር ላይ ይስቀሉ፤ ጉልበትዎ እንደ ታጠፈ ጥቂት ደቂቃ ያርፉ። ሲነሱ ቀጥ ብለው አይነሱ። በጎንዎ ይንከባለሉ፣ በክንድዎ ተደግፈው ይቀመጡ፣ ከዚያ ይቁሙ። ለቀጣዮቹ ቀናት ከአልጋ የሚነሱትም በዚሁ መንገድ ይሁን።

«ሳምንት ሙሉ ተኛ» የሚለው ምክር ዛሬ አይሠራም። ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በላይ መተኛት ጡንቻን ያደክማል፣ ሕመሙንም ያረዝማል። በማግስቱ በቤት ውስጥ ይራመዱ፣ ቀስ በቀስም እስከ ሰፈር ሱቅ ይድረሱ። ሲተኙ በጎን ከሆነ በጉልበቶችዎ መካከል፣ በጀርባ ከሆነ ከጉልበትዎ ሥር ትራስ ያድርጉ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ቅዝቃዜ፣ ከዚያ በኋላ በሙቅ ውኃ የተነከረ ፎጣ ብዙዎችን ያስታግሳል።

የድሬዳዋና የሐረር ሰው ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ነገር ልጨምር። ፍራሽ ላይ ተቀምጦ፣ መከዳ ተደግፎ፣ እግር አጥፎ ለሰዓታት መዋል ለታመመ ወገብ ከባድ ነው። ወገቡ በዚያ አቀማመጥ ጎብጦ ይቆያል፤ ሲነሱ የሚሰማው ጩቤ የመሰለ ውጋትም ከዚያ ነው። እስኪሻልዎት ድረስ ወንበር ይጠይቁ። ሰው ቤት ሄደው «ወንበር ስጡኝ፣ ወገቤን አሞኛል» ማለት ነውር የለበትም። በየግማሽ ሰዓቱም ይነሱ።

ለሕመም ማስታገሻ ፓራሲታሞል 500 ሚሊግራም፣ ለአዋቂ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ በየስድስት ሰዓቱ ይወሰዳል፤ በ24 ሰዓት ከስምንት ፍሬ አይበልጥም። የጉበት ሕመም ያለበት ሰው ከመውሰዱ በፊት ሐኪም ይጠይቅ። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ጠንከር ያሉ ናቸው፤ የጨጓራ፣ የኩላሊት፣ የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር ሴት ሐኪም ሳያማክሩ አይውሰዱ። ሁለቱን በአንድ ላይ መዋጥ ሕመሙን እጥፍ አይቀንስም፣ ጨጓራን ግን ይጎዳል። ፋርማሲ ሲገቡ «ለወገብ መርፌ ውጉኝ» ከማለት ይልቅ ያለብዎትን በሽታ ሁሉ ዘርዝረው ይንገሩ።

ሕመሙ ከመቀመጫ ተነስቶ እስከ እግር ጣት ከወረደ፣ ትኩሳት ካለ፣ ወይም ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ ካልተሻለ ሐኪም ይይዎት።

7. ወጌሻ ዘንድ ከመሄድዎ በፊት

ወጌሻ በአካባቢያችን የተከበረ ሰው ነው፤ ቤተሰብም መጀመሪያ የሚጠራው እሱን ነው። የወጌሻን ደግነት አልጠራጠርም። ነገር ግን በእጅ ዳሰሳ ስብራትና ወለምታን መለየት ለሠለጠነ ሐኪምም አስቸጋሪ ነው፤ ራጅ የሚያስፈልገው ለዚሁ ነው። አዲስ ጉዳት አይታሽም፤ ማሸት ውስጥ የሚፈሰውን ደም ያበዛል፣ የተሰነጠቀውን አጥንት ያፈናቅላል።

ከሁሉ የሚያስፈራው ጠብቆ የታሰረ እንጨት ወይም ቀርከሃ ነው። ከውስጥ እብጠት፣ ከውጭ እስራት ሲገናኙ ደም መግባት ያቆማል። በዚህ ምክንያት እጃቸው ወይም እግራቸው በስብሶ የተቆረጠባቸው ሕፃናትና ጎልማሶች በሆስፒታሎቻችን ይታያሉ። ቀላል ይሆን በነበረ ስብራት እጅ ማጣት ልብ ይሰብራል። ስለዚህ ማንም ያሰረው ይሁን ማን፣ ከእስራቱ ወዲያ ያሉት ጣቶች ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ ወይም ሕመሙ ከቀድሞው ከባሰ በዚያችው ደቂቃ ይፍቱትና ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። «ያሰረው እስኪመጣ» ተብሎ አይጠበቅም።

8. ወደ ሕክምና ሲሄዱ

ድሬዳዋ ውስጥ ድል ጮራና ሳቢያን ሆስፒታሎች፣ ሐረር ውስጥ ሕይወት ፋናና ጁገል ሆስፒታሎች አሉ። ቀላል ለሆነው ጉዳት የቀበሌዎ ጤና ጣቢያ ይበቃል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ መታወቂያዎን ይያዙ፤ ድንገተኛ ካልሆነ በቀር በጤና ጣቢያ በኩል የሪፈር ወረቀት ይዞ መሄድ ያስፈልጋል።

ከጁገል ውስጠኛ መተላለፊያ በሽተኛ ማውጣት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። መኪና ከሐረር በር እስከ ፈረስ መጋላ ባለው ዋና መንገድ ስለሚገባ አንድ ሰው ቀድሞ ወጥቶ ባጃጅ ወይም መኪና እዚያ ያቁም። እግሩን የተጎዳ ሰው በጀርባ ከሚታዘል በጠንካራ ወንበር ተቀምጦ ሁለት ሰው ቢሸከመው ይሻላል። ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ከመጋላ ወደ ከዚራ ለመሻገር የደቻቱ ወንዝ ደርቆ ሲታይ በአሸዋው ላይ ማቋረጥ የተለመደ ነው። በክረምት ግን በድልድዩ ይሂዱ፤ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ከላይ ከተራራው ጎርፍ ይመጣል። የ1998 ዓ.ም. ክረምት ያደረሰውን የድሬዳዋ ሰው አይረሳም።

ለሐኪሙ እውነቱን ይናገሩ፦ ምን ወደቀ፣ ከምን ያህል ከፍታ፣ በየትኛው ሰዓት፣ ከዚያ በኋላ ምን ተደረገ፣ ማን አሸው። ከመውጣትዎ በፊት የሕክምና ማስረጃና የዕረፍት ወረቀት ይጠይቁ። ደረሰኞቹን ሁሉ በአንድ ፖስታ ይያዙ።

9. ሥራና ገንዘብ

የዘመድ ዕቃ ሲያነሱ የደረሰ ጉዳት «በሥራ ላይ የደረሰ» አይደለም፤ ለአሠሪዎ እንደዚያ ብለው አይንገሩ። መብትዎ የሕመም ፈቃድ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወራት ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ ያገኛል፤ የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ከግማሽ ደመወዝ ጋር፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ። ከሥራ በቀሩ ማግስት ማሳወቅና የሕክምና ማስረጃ ማቅረብ ግዴታ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ በሌላ ሕግ ስለሚተዳደር የመሥሪያ ቤቱን የሰው ሀብት ክፍል ይጠይቅ።

በቀን ገቢ የሚያድር ሰው ግን ይህ ሁሉ የለውም። ባጃጅ የሚነዳ ወይም ሱቅ ያለው የወንድም ልጅ ጣቱ ተሰብሮ ሦስት ሳምንት ቢቀመጥ የሦስት ሳምንት እንጀራው ቀረ ማለት ነው። እዚህ ላይ ለዕቃው ባለቤት በግልጽ ልናገር፦ የሕክምናው ወጪ የእርስዎ ነው። ሰውየው ጉዳዩን ቢያነሳም ባያነሳም ካርድ ያውጡለት፣ ራጁን ይክፈሉ፣ ቤቱ ያድርሱት፣ ለባለቤቱ ወይም ለእናቱ ራስዎ ይደውሉ። «እግዚአብሔር ይማርህ»፣ «አላህ ያሽርህ» ብሎ ስልክ መዝጋት አይበቃም። የጠፋውንም ገቢ አቅም በፈቀደ መጠን ይካፈሉ። ጫኝና አውራጅ ከሆነ የተጎዳውም ያው ነው፤ የቀን ሒሳቡን ከፍሎ ማሰናበት ነውር ነው።

ተጎጂውም ቢሆን ቂም ይዞ ዝም ከማለት ይናገር። ሲናገሩም በዚያው ሳምንት፣ በአካል፣ ሰው በሌለበት ይሁን። «እትዬ፣ ላስቸግርዎት አይደለም አመጣጤ፤ ሐኪሙ ጣቴ ተሰብሯል ብሎኛል፣ እስካሁን ይህን ያህል ወጥቷል፣ ደረሰኙም ይኸው» ብሎ ማስቀመጥ ዝምድና አያበላሽም። የሚያበላሸው ከስድስት ወር በኋላ በሠርግ ቤት ከሦስተኛ ሰው መስማት ነው። ካልተግባባችሁ ሁለታችሁም የምታከብሩት የቤተሰብ ሽማግሌ አንድ ቀን ያነጋግራችሁ።

10. የቀረው ዕቃ

መኪናው እየጠበቀ ነው ተብሎ ተጎጂው ይመለስ አይባልም። የቀሩት ደግሞ አሠራራቸውን ይቀይሩ። ሁሉም የተሸፈነ ጫማ ያድርግ፤ ነጠላ ጫማ አድርጎ ፍሪጅ መሸከም ለጣት መቅሠፍት ነው። ቁም ሳጥኑ ልብሱ ይውጣለት፣ መሳቢያዎቹ ይውለቁ፣ መዝጊያው በገመድ ይታሰር፣ መስታወቱ በብርድ ልብስ ይጠቅለል። የበሩ ስፋት አስቀድሞ ይለካ፤ በጁገል ደግሞ ባዶ እጅ መንገዱን አንዴ ይሂዱበት። ትእዛዝ የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። በድሬዳዋ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ቢጀመር ፀሐይ ሳይከር ከባዱ ያልቃል።

11. እንደገና መሸከም

የጣት ስብራት በአብዛኛው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋል፤ ሐኪሙ ሳይፈቅድ መደገፊያው አይፈታ። ወገብ ከሆነ ሕመሙ ስለጠፋ ብቻ ፍሪጅ አይነሳም። አምስት ሊትር ውኃ ከያዘ ጀሪካን ይጀምሩ፦ ጉልበት አጥፈው፣ ወደ ሰውነትዎ አስጠግተው ያንሱት፣ ሲዞሩም ወገብዎን ሳይሆን እግርዎን ያዙሩ። ለቀናት ሕመም ሳይመለስ ከቆየ ወደ አሥር ሊትር፣ ከዚያ ወደ ሃያው ይሂዱ። ሃያ ሊትሩ ሃያ ኪሎ ግራም ነው፤ አንድ ሰው የትልቅ ሶፋን አንድ ጫፍ ሲያነሳ የሚደርስበት ክብደት ከዚህ ብዙ ጊዜ ይበልጣል። ጀሪካኑ ገና የሚያምዎት ከሆነ ለሚቀጥለው የዘመድ ጥሪ መልስዎ «እመጣለሁ፤ በሩ ላይ ቆሜ አስተባብራለሁ እንጂ አልሸከምም» ይሁን፤ ይህንንም ሲደወልልዎት በስልክ ይንገሯቸው፣ ምትክ ሰው የሚፈልጉበት ጊዜ እንዲኖራቸው።